ድርብ ሰረዝ

በኡላንባታር ብርድ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
መስኮቱን አመዳይ እንደ ጥልፍ ጠልፎት፣
ሳራንጎ አፍጥጣለች መስመር መቶ አራት ላይ፤
"ስህተት" ይላል ቀዩ፤ ስህተቱ ግን አይታይ።

ነገ ኮዱን ሊያዩ ነው መምህር ባትሙንክ፣
ሥራ እንጂ አያዩም የደከመ ሰው መልክ።

እናቷ ደወለች ከዳርካን፣ ከስፌት ቤት፤
የማታ ተረኛ ናት። "አልተኛሽም?" አለቻት።
"ምንም አልጎደለው፤ አልነሣም ግን አለኝ።"
"ያላየሽው ቢሆን ነው፤ ልጄ፣ እስቲ ስሚኝ።
ካባው ንፋስ ካስገባ ጨርቁን አትውቀሺ፣
ጫፉ ላይ ቁልፍ እንዳለ በጣትሽ ዳብሺ።"

ዳበሰች።
የመስመሩ ጫፍ ባዶ ነበር ቦታው፤
አንድ ድርብ ሰረዝ ጎድሎ ሌሊቷን ሰረዘው።

"ሠራልኝ፣ እማዬ!" መልስ የለም፤ ስልኩ አልተዘጋም፤
ጠቅ፣ ጠቅ ይላል ከዚያ ማዶ፤ መኪናዋ አይተኛም።