ማንን ሊያቅፍ?

ሦስተኛ ሌሊት ነው። አቶቴ ሰፈር መብራት ጠፍቷል፤
የቃልአብ ላፕቶፕ ብቻ ሁለት ጠበኛ ፊት ያበራል።
"ፍላተር" ይላል እሱ። "ሪአክት ኔቲቭ" እላለሁ።
እንደ ኳስ ደጋፊ ይጮኻል፤ እኔ ደግሞ እብሳለሁ።

ሥራው ይህን ያህል አይደል፤ አጥማጅ ሲነጋ ይጽፋል፣
ስንት ቆሮሶ፣ ስንት አምባዛ፤
የሆቴል ግዢ ኃላፊው ከአልጋው ሳይነሣ ያያል፣
ሳይረፍድበት እንዲገዛ።
አጥማጁ ቴክኖ ይዟል፤ ኃላፊው አይፎን ይዟል፤
ለያንዳንዱ ለየብቻ ብንጽፍ የቤት ኪራይ ይቀድመናል።

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም"
ትል ነበር እናቴ፣ ትምህርት ክፍል ስቀያይር።
ይኸው አሁን በአንዲት እግር፣
በአንድ ኮድ፣ ሁለት ዛፍ ላይ።

ማዕቀፍ ይሉታል በመጻሕፍት አማርኛ።
ማቀፍ አለ ውስጡ። እኮ ማንን ሊያቅፍ?
ቃልአብን? እኔን? ወይስ ጠባችንን፣
ባትሪው ሊያልቅ፣ ሌሊቱ ሊያልፍ?

ጠዋት አሞራ ገደል ወረድን።
አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈዋል፣ እንደ ቀበሌ ወረፋ፣
የዓሣ አንጀት ሲጠባበቁ።
ሌዳሞ ከጀልባው ጫፍ መረቡን ይጠግናል፤
ናይለኑን በጥርሱ ይበጥሳል።
ስልኩን ሰጠን። መስታወቱ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።
የቃልአብን ሥራ ጫንን፤ አርባ ሜጋ፤
ሠላሳ ሁለት ላይ ደርሶ ቀጥ።
"ቦታ የለም" አለ ስልኩ።

"አንድ ነገር እናጥፋ?" አልኩት።
በአውራ ጣቱ ገላለጠ፤
የልጁ ምርቃት ቪዲዮ፣ የብድር ደረሰኝ፣
አምና የያዛት፣ ሰው የምታህል አምባዛ።
"ምርቃቱን አጥፉት" አለ፣ "ልጅቷ ራሷ አለች፤
አምባዛዋ ግን ተበልታለች።"

ቃልአብ ሳቀ። እኔ ልስቅ ብዬ መረቡን አየሁት።
"ሁሉን የሚይዝ አንድ መረብ የለም?" ብዬ ጠየቅሁት።
"ቆሮሶን በመረብ፣ አምባዛን በመንጠቆ" አለ፤
"ሁሉን የሚይዝማ አለ፣ ዓይኑ የጠበበ።
ጫጩቱንም ያፍሳል፤ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል።
የሚሸጠው ሰው ያሞግሰዋል፤
የምጎትተው ግን እኔ ነኝ።"

ተመለስን። ማንም "አሸነፍኩ" አላለም።
ፍላተር ሆነ በመጨረሻ፤ ግን የሚዘለው ሥዕል፣
ያማረው ፊደል፣ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ
የሚሽከረከረው ዓሣ፣
አንድ በአንድ ወጣ። አርባው አሥራ አንድ ሆነ።
አሁን የኛዋ ትንሽ ምልክት ሌዳሞ ስልክ ላይ፣
ከምርቃቱና ከአምባዛዋ መሀል
ታቅፋ ተቀምጣለች።

የአይፎኑስ?
ማክ ያለው ሰው አንድ ብቻ እናውቃለን፣ ታቦር ሥር፤
እሱም ሠርግ ሄዷል።
ግዢ ኃላፊው እስከዚያ
ከአባ ኮዳዎቹ ኋላ ይሰለፍ።