የሁለት ወር ጡረታ

ባሌ ታውኖ፣ የሰባ አንድ ዓመቱ ጎረምሳ፣
ጣሪያው በረዶ ከብዶት፣ ምድጃው ጢስ እያገሳ፣
የሁለት ወር ጡረታውን ቆጥሮ ከባንክ አውጥቶ
ለዚያች ለአሮጌዋ ቮልቮ መጣ ስፒከር ገዝቶ።

ምን ልበል? ዝም አልኩኝ። ዝምታ ግን አይሆንልኝም፤
«ሰው ጥርስ ያስተክላል እንጂ መኪና ጉሮሮ አያስተክልም።»

ኅዳርን ሙሉ ጋራዥ ገባ። በሮቿን ገፎ ገልብጦ፣
ሽቦ እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ፣ በወንበር ሥር አስመልጦ፣
ዉፈሩን ከትርፍ ጎማው ጎን እንደ ትልቅ ድስት ጎልቶ፣
እራቱ ሁለቴ በርዶ፣ ሁለቴ ሞቆ፣ ተደፍቶ፣
ወጣ። እጁ ቅባት ብቻ፣ ዓይኑ ግን ያው የጥንቱ፤
«ኤይላ፣ ነይ ስሚ» አለኝ፣ ሳያነሳ ስለ ራቱ።

«ገና ይድረስ» አልኩት፣ «ያኔ ወደ መቃብር ስንሄድ፤
ሙታን ይስሙልህ፣ እኔስ በዚህ ብርድ አላሰብኩም ለማበድ።»

የገና ዋዜማ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ጨልሟል።
ኬሚየርቪ ላይ ፀሐይ፣ ዕቃ እንደረሳች ጎረቤት፣
ብቅ ትልና ትመለሳለች ሳትገባ ከቤት።
ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት።
«ቆይ» ይላል ታውኖ፣ «ደርቋል የስፒከሩ ጎማ በብርዱ፤
ሳይሞቅ ከጮኸ ይሰነጠቃል። እንደ ሰው ነው፣ ይሙቀው ሆዱ።»
በአርባ አራት ዓመት ትዳር እኔን አንዴ «ይሙቅሽ» ብሎኝ አያውቅም።
ሻማውን ታቅፌ ጠበቅሁ፤ መቼስ ከስፒከር ጋር አልፎካከርም።

ከዚያ ከፈተው።
የእኛው መዘምራን! ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት
በእንጨቱ ቤተ ክርስቲያን የተቀዳን፣ በገና ሌሊት።
ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ በወጥ ቤቷ ካሴት፣
ማሰሮ ውስጥ እንደገባ ንብ።
እዚህ ግን ቤዙ በወንበሩ ገብቶ በጀርባ አጥንቴ ወጣ፤
የኦንኒ፣ የመሪያችን፣ ትንፋሽ ከዜማው ቀድሞ መጣ፤
እጁን ከማንሣቱ በፊት በአፍንጫው ይስብ ነበር አየር፤
አፈር ከለበሰ ዓሥራ አንድ ዓመቱ። ትንፋሹ ግን እዚያው ነው፣ ከበሩ ሥር።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ ሁሉም ዝቅ ሲል፣
አንዲት ሴት ሳለች። ከግራ በኩል።
ታውኖ ቀና አለ። «ሰማሽ?» «ምኑን?» ወደ ኋላ መለሰው።
«እኽ፣ እኽ።» እኔ ነበርኩ። ሳሌን እንኳ ጎረቤት አይስተው።
ያን ዓመት ጉንፋኔን ደብቄ ነው ሰልፍ የገባሁት፣ ኦንኒ እንዳያግደኝ፤
ሠላሳ ስድስት ዓመት ያመለጥኩ ሌባ ነበርኩ፤ ታውኖ ያዘኝ።
«የሁለት ወር ጡረታ» አልኩት፣ «ሳሌን ለመስማት!» ሳቅሁ፤
ሳል ያዘኝ።

መቃብሩ ጋ ደረስን። በረዶው ላይ ሻማ፣ ሻማ፣ ሻማ።
ሰዉ ያንሾካሽካል፤ የሚጮኸው በረዶው ብቻ ነው፣ ከሥር ከጫማ።
ታውኖ ሞተሩን አጠፋ፤ መዝሙሩን ግን ተወው፤
አራቱንም በር በርግዶ ለኦንኒ ለቀቀው፣
ቀስ አድርጎ፣ በስስት፣ የተኛ እንደማይቀሰቅስ፤
እኔ ተንበርክኬ ሻማ ስለኩስ፣ ክብሪቱ በጓንቴ ሲልከሰከስ።

ሦስተኛው ስንኝ መጣ። ዝቅ አሉ። ሳሌን ጠበቅሁ፤
ቀጥ። ምንም የለ። ባትሪው! ወዲያው አወቅሁ።
አምፕሊፋየሩ ጠጥቶ ጨርሶት፣ እስከ ጠብታው፣
ቮልቮ ሞተች፤ ታውኖ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋው።

ዝም።

ከዚያ ከወዲያኛው ረድፍ፣ ከእነ ሄልቪ መቃብር ዘንድ፣
አንድ ሽማግሌ የቀረውን ስንኝ አነሣው፤ ቀጥሎ ሌላ አንድ፤
ቀጥሎ ያቺ የፖስታ ቤቷ ሴት፣
ባርኔጣዋ ጆሮዋን ሸፍኖት፣ ከቅኝት ወጥታ ሩቅ ቤት።
ማን ይመራቸዋል? ማንም። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይጎተታል፤
እንፋሎታቸው ከሻማው በላይ ይቆማል።
እኔም በሁለተኛ ድምፅ ገባሁ፤ ቦታውን እግሬ ያውቀዋል።
ከዚያ እዚያው ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ፣
እኽ፣ እኽ።

ታውኖ ከመሪው ቀና ብሎ ሳቀ።

በኋላ ስድስት ሆነን ገፋናት፤ አልነሣም አለች። የአርቮ ልጅ ኬብል አመጣ።
ስትነሣ መዝሙሩም አብሮ ተነሣ፣ ካቆመበት፣ ምንም እንዳልመጣ።
«በሚመጣው ወር» አለ ታውኖ፣ «ትልቅ ባትሪ ያስፈልጋታል።»
«ጣሪያውስ?» አልኩት።
ድምፁን ከፍ አደረገው።