በዓይኔ በብረቱ

ሌባው እኔ ነበርሁ፣ በውል በደረሰኝ፣
ቴአትሩ ተዘግቶ ሥራ ሲቸግረኝ።
የኅዳር ሰማይ ነው ታርቱን የተጫናት፣
በረዶና ዝናብ ባንድ የሚወርድባት።
ዶክተር ሄልቪ ታም በስልክ አስጠራችኝ፣
ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ቆማ አስረዳችኝ፦

«ትምህርት መሐል ግባ፣ ቦርሳዬን ንጠቅ፣
በኋላ በር ውጣ፣ ማንንም አትጠብቅ።
በእጅህ ጃንጥላ ያዝ፣ ቃል እንዳትናገር፣
ዘጠኝ ሰከንድ ይብቃህ፤ የቀረው የነሱ ነገር።»

ገባሁ፤ ነጠቅሁ፤ ወጣሁ።
ከሕንጻው ጀርባ ቆሜ ሲጋራ ለኮስሁ።

በሳምንቱ ታዲያ ቃላቸው ሲነበብ ሰማሁ፣
በቁሙ ተዝካሩን እንደሚበላ ሰው ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ።

አንዷ ጢም ሰጠችኝ (ተላጭቼ ነው የሄድሁት)፣
አንዱ በግንባሬ ላይ ጠባሳ ሳለበት።
ጃንጥላዬማ በሰባት ሰው አፍ ተስሎ ተስሎ
ቢላዋ ሆነና አረፈው፤ ደምም ነበረው አለ አንዱ፣ ምሎ።
ፊቴስ? ዓይናቸው ሁሉ እጄ ላይ ቀርቶ
ፊቴ ባዶ ሰሌዳ ነበር፣ ማንም ያልጻፈበት ከቶ።
ልብ ሲደነግጥ፣ ዓይን ብቻውን ምን ሊያይ።

ቲዩ የምትባል ልጅ፣ ከፊት ወንበር ያለች፣
በመጀመሪያው ቀን «እንጃ» ነበር ያለች።
ስድስት ፎቶ ዘረጉላት። የኔ የለበትም፤
ሄልቪ አውቃ ነው፤ ለማንም አልተናገረችም።
«ምናልባት... አራተኛው?» አለች፣ ድምጿ ሰልሎ፤
ረዳቱ ሌምቢት «ጎሽ» አላት፣ ፈገግ ብሎ።
አንዲት «ጎሽ»። ከዚያ በላይ ምንም አልጨመረ።
በሁለተኛው ሳምንት ያ «ምናልባት» የት እንደገባ እንጃ፣ ቀረ፤
«እርግጠኛ ነኝ» አለች፣ «በዓይኔ በብረቱ!
እንዲያውም አይረሳኝም ያ ንቀቱ፣
በሩ ጋ ዘወር ብሎ ሲያየኝ።»
(አልዞርሁም። ምን ሊያዞረኝ?)

አልዋሸችም። ሄልቪ ይህን ሳትናገር አትውልም፦
«ውሸታም ውሸቱን ያውቃል፤ ይቺ ልጅ ግን አታውቅም።
ትዝታ ከሣጥን ወጥቶ ሲመለስ፣ ወጥቶ ሲመለስ፣
የያዘው እጅ ያድፈዋል፤ ከነእድፉ ነው የሚለበስ።»

አራተኛው? ራይቮ ነው፤ ቫልጋ ዳቦ ጋጋሪ፣
በዐሥር ዩሮ ፎቶውን ሸጦ የረሳ፣ ተራ ኗሪ።
ታርቱን ከረገጠ ስድስት ዓመቱ።
ጨዋታ ባይሆን ኖሮስ፣ አልሁ፣ ባንዱ ሌሊቱ
ክንዱ እስከ ክርኑ ሊጥ እንደሆነ በሩ ይንኳኳ ነበር፤
ጨዋ ልጅ፣ እንባ ባይኗ፣ ቆማ ስትመሰክር
ዳኛው ያምናት ነበር።
እኔም ሌባው ባልሆን ኖሮ አምናት ነበር።

ይህን እያሰብሁ ሳቅሁ መሰለኝ።
ሄልቪ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ፦
«አንተስ ያን ቀን ምን ለብሰህ ነበር?»
«ሰማያዊ ጃኬት፣ የግራ ኪሱ የተቀደደ፣
ዝናቡ በእጅጌው የወረደ።»

ቪዲዮውን ከፈተችው።
ግራጫ ካፖርት፤ የቴአትሩ፣ በትውስት ይዤ ያልመለስሁት።
በሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ያ ሰውዬ (እኔ ነኝ) ቀስ ብሎ ዞረ፤
ቲዩን አያት። ዓይኑ ላይ ንቀት ነበረ።

አንድ ጊዜ አስደገምሁ። ሦስቴ አስደገምሁ።
ትዝ ይለኛል ያልሁት ጀርባዬ ነው፤ ጀርባዬን ከየት ሆኜ አየሁ?

ማምሻውን ሃያ ዩሮ፤ ሌምቢት ደረሰኝ አቀረበ፤
«ስም፣ ቀን፣ ፊርማ»፤ ከሥር በደቃቅ ፊደል እንዲህ ተነበበ፦
«ከላይ የሰፈረው ቃል እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ።»
ቀኑን ጻፍሁ። ስሜንም።
እስክሪብቶውን እንደያዝሁ፣ አገጬን ዳሰስሁ።