ቂጥ የሌለው ቅርጫት

«ቡድኑ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው» ብላ፣
ማርይት መጣች ቤቴ፣ ደብተር አንጠልጥላ፤
ታርቱ በረዶ ለብሳ፣ ኤማዮጊ ረግቶ ቆሞ፣
ሻዬ ሳይፈላ ገና፣ ጥያቄዋ ቀድሞ።

እኔ ኳስ አልነካሁም፤ ይሄን ቀድመሽ ጻፊ፤
መዝጋቢ ነበርኩኝ፣ ቁጥር አሳላፊ፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ከሜዳው ዳር ቁጭ ብዬ፣
የሌላውን ላብ ስቆጥር፣ በእርሳስ ተከትዬ።

መጀመሪያማ ድንች ነበር።
ሁለት የድንች ቅርጫት፣ ከጎተራ ግድግዳ፤
ኳሷን ያመጣት የመንፈሳዊ ትምህርት ተማሪ፣ ከሪጋ፣ በዕዳ።
በገባች ቁጥር ሊያወጧት፣ መሰላል ሲበደሩ፣
የጎተራው ዘበኛ ሚስት፣ ሌና፣ ሰለቻት ነገሩ፤
ወጣችና በመሰላሉ፣ ቂጡን በቢላ ቀደደችው፤
«እንግዲህ ይፍሰስ!» ብላ፣ ለልጆቹ ተወችው።
የትኛውም ሰነድ ላይ፣ ስሟ የለም የሌና፤
ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገችው ግን እሷ ናትና።

ከዚያ ሠላሳዎቹ። ታሊንን የረቱ ለት፣
በሌሊት ባቡር ሲመለሱ፣ አምስቱም እንቅልፍ ነስቷቸው፣
ኳሷን እንደ አራስ ልጅ፣ በየተራ ታቀፏት።

ጦርነቱ መጣ። አምስቱ ተበተኑ፦
ኤቫልድ በአንዱ ጦር፣ ካሌቭ በሌላው ሆኑ፤
(በልምምድ ሰዓት አንድ ለአንድ ይያያዙ የነበሩት!)
አንዱ በዓሣ ጀልባ፣ ባሕሩን ተሻገረ፣
አንዱን የምሥራቅ ባቡር፣ ይዞት በዚያው ቀረ።
አምስተኛው፣ ኡኩ፣ አንድ እግሩን ጥሎ መጣ፤
አሠልጣኝ ሆነ፤ ፊሽካ ቢያጣ፣ በምርኩዙ ድምፅ እያወጣ።

አዳራሹ ጋጣ ሆኖ፣ ፈረስ ከርሞበት ነበር፤
ሣንቃው በኮቴ ደቆ፣ ከግራው ቅርጫት ሥር
አንዲት ቦታ ሞተች፦ ኳስ ስታርፍ አትነጥርም።
የኛ ልጆች ያውቋታል፤ ለእንግዳ ግን አይነገርም።
እየገፉ፣ እያጣደፉ፣ ወደዚያች ሣንቃ ሲወስዱት፣
ባላጋራ ኳሱ ሲከዳው፣ ከእግሩ ሥር ነው የሚያነሱት።

አርቮስ? የደን ተማሪ፣ ሁለት ሜትር ከምናምን፤
አልጋው እያጠረው፣ እግሩን ለወንበር ሲለምን።
እሱን ጻፊው፤ ሁሉም ይወደዋል።

አሁን እርሳስሽን አስቀምጪ።

ሰባ ስምንት፣ የካቲት። ከወታደሮቹ ቡድን ጋር።
ሰባ አንድ ለሰባ። ዋንጫው ያው፣ ከመስታወቱ ዳር።
ሌምቢት ከቅጣት መስመር፣ የመጨረሻዋን ሲወረውር፣
ሰዉ ገባች ብሎ ጮኸ፤ እሷ ቀለበቱን ስትዞር፣ ስትዞር፣
ተፍቷት ወደቀች በውጭ።
እኔ ግን ጩኸቱን ሰምቼ፣ ጽፌያታለሁ ቀድሜ፤
አርባ ዓመት ወጥታ አታውቅም፣ ያቺ አንድ ቁጥር ከሕልሜ።
የእንግዶቹ ቆጣሪ፣ ሲጋራ ሊያጨስ ወጥቶ፣
ሲመለስ ከእኔ ገልብጦ፣ ፈረመ፣ ጢሱን ተፍቶ።
ላጲሱ ኪሴ ነበረ። አላወጣሁትም እኔ።
ሌምቢት ዞር አለና፣ ዐይኑ ተጋጨ ከዐይኔ።

ከዚያ በየገናው፣ የዱር እንጆሪ ማርማላታ ይልካል፤
ካርድ የለው፣ ቃል የለው፤ ክዳኑ ላይ ስሙ ብቻ ይታያል።
አንድም ቀን አላነሳነው። አርባ አንድ ጠርሙስ በላሁ።
አምና አልመጣም። ያኔ ነው፣ መሞቱን ያወቅሁ።

ማርይት ዝም አለች።
«ልጻፈው?» አለች ቆይታ። ምን ልበላት? ሌና የቀደደችው
ቅርጫት እኮ ነው ታሪክ ያለችው፤
መቶ ዓመት ሙሉ ሲጥሉበት፣ አንዲት ኳስ አልያዘም፤
መረቡ ሹክ ይላል እንጂ፣ ሹክ ብሎም አይደግምም።

ሸኘኋት እስከ ደጅ። ወለሉን የቀየሩ ጊዜ
ያቺን የሞተች ሣንቃ ለምኜ፣ አምጥቼ በትከሻዬ ይዤ፣
መድረክ አድርጌያት ነበር።
ማርይት ጓንቷን ስታጠልቅ፣ እርሳሷ አመለጣት፤
ሣንቃዋ ላይ ወደቀ።

አልነጠረም።