እርሳስ

አባቴ ሳቱርኒኖ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይወርድ ነበር፣
ከካላማ በላይ፣ መዳብ ወደሚታለብበት ገደል ዳር፤
መሰርሰሪያው የሚተፋውን የዓለት ዱላ በሜትር በሜትር
ሲያሰምር አረጀ፤ ድንጋዩ ነበረ የሱ ደብተር።

እኔ አንቶፋጋስታ፣ መስኮቱ ባሕር በሚያይ ቤተ ሙከራ፣
እሱ ያሰመረውን እፈጫለሁ፤ ይኸው ነው ሥራ።
ፈጭቼ አጥባለሁ፤ ቀላሉ ይሄዳል ከውሃው ጋራ፣
ከባዱ ይቀራል። ከከባዱም መሐል፣ ዓይኔ ደም እስኪመስል ሳጣራ፣
ዚርኮን ትወጣለች፤
ከጨው ቅንጣት ያነሰች፣ እልኸኛ ፍጥረት፣
ተራራ የናደ ዘመን ያልናዳት፣
ወንዝ ያልፈጫት፣
ቅልጥ ዓለት በርዶ በተወለደች ለት
የጎረሰችውን ዩራኒየም እስከ ዛሬ ያልተፋች ሴት።

ዩራኒየም ግን፣ ያ የማይቸኩል ባለዕዳ፣
ግማሹን ለመክፈል አራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት የሚሰናዳ፣
ከራሱ ላይ እየቆረሰ ይከፍላል፤
የጎደለውም የትም አይሄድ፣ እዚያው እርሳስ ይሆናል።
የቀረውን ከሆነው ጋር ማሽኑ ያስተያያል፣
ልደቷን ያነባል።

ማክሰኞ ሌሊት ኩባንያው የላከውን ናሙና ጫንኩ፤
በጨረር እየበሳሁ ቁጥር ከቁጥር ሥር ደረደርኩ።
ሠላሳ ስምንት ሚሊዮን። ሠላሳ ስምንት። እንደገና ሠላሳ ስምንት፤
መዳብ ያዘለው ትኩስ ውሃ በስንጥቅ ለስንጥቅ የሸሸበት ዕለት።
አንዷ ቅንጣት ግን፣
ቆዳዋ እንደ እህቶቿ ልጅ፣ እምብርቷ አሮጊት፣
ከቢሊዮን በላይ ቆጠረችልኝ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።

ሃፍኒየሟን ጠየቅሁት፣ እናቱን የማይክድ ምስክር፤
«ከምድር ሆድ ትኩሱን አልፈለቀም» አለኝ፣ «የዚህ ተራራ ሥር፤
ምድርም እንደ ድሃ ናት፣ ሁልጊዜ አዲስ ጨርቅ የላትም፣
የአሮጌ አህጉሯን ኮት አቅልጣ፣ ገልብጣ ትሰፋለች እንጂ አትጥልም።»

ዶክተር ቫያዳሬስ ጠዋት መጡ፤ ቁጥሩን አይተው ሳቁ።
«ከመስመር የወጣች ናት፣ ሰርዛት።
ኩባንያው የሚከፍለን ለመዳቡ ሰዓት እንጂ
ለቅድመ አያቱ አይደለም። እርሳት።»

እሑድ ካላማ ወጣሁ። እናቴ ኤዱቪሄስ ጠየቀችኝ፣
«ያ ያባትህ ድንጋይ ስንት ዓመቱ ነው?» ነገርኳት። አላመነችኝ።
ከቁም ሣጥኑ የሳንባውን ፎቶ አውጥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው፣
ነጭ ነጥብ የተዘራበትን፣ ሐኪሙ አቧራ ነው ያለው።
«ይኸስ?» አለች በጣቷ፣ «ይኸ የኔው ስንት ዓመቱ ነው?»

ቢሊዮን የሚቆጥር ማሽን አለኝ።
ዝም አልኩ።
ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ ነበር፤ ስለ ነፋስ ያወራል።

ሰኞ ሪፖርቱ ወጣ፤ አሮጊቷ የለችበትም።
ስለሷ የጠየቀ ሰውም የለም።
«እርሳ» ብለውኛል። ልቤም ደክሞት «እንግዲህ እርሳስ!» አለኝ፤
እጄ ግን ሌላ ሰማ፤ ከኪሴ ያባቴን እርሳስ አወጣልኝ፣
ጥርሱ ያረፈበትን።
በደብተሬ ጠርዝ ላይ ጻፍኩ፣ አንድ ሺህ ሠላሳ ሰባት ሚሊዮን፣
ሰባቷን እንደሱ፣ ወገቧ ላይ በጭረት ከፍዬ።
እርሳሱ አጥሯል። በሁለት ጣት ብቻ ነው የሚያዝ አሁን።