ካልሲ

አርቪድ፣
ኩሽኔታው አለቀ ነው የሚሉት ባጭሩ፤
በራጅ አሳዩኝ፣ ከቀኝ ዳሌዬ ሥሩ
አጥንት ላጥንት ገጥሞ፣ ልስላሴው ጠፍቶ፣
ዘይት እንዳጣ ዘንግ ተፋጭቶ፣ ተበልቶ።

ስንት ክረምት ሆነው? ስድስት ነው? ሰባት?
"ብርዱ ነው" እያልኩኝ፣ "ዕድሜ ነው" ስል ሌት፣
ከወንበር ስነሣ ጠረጴዛ ይዤ፣
ደረጃ ስወርድ በግድግዳ ታግዤ።
(ጧት ጧት የምናውቀውን፣ እኔና አንተ ብቻ፣
ለማንም አልነገርኩም።)

ቦደ ድረስ ሄድኩኝ፣ በጀልባ፣ በአውቶቡስ፤
ፀሐይ በማትወጣው ወር፣ በጨለማው ድንግዝግዝ።
ዶክተር ብራትሊ ልጅ ነው፣ ጺሙ ገና ሣር፤
ምርጫ ዘረገፈልኝ እንደ ገበያ ዳር።
"ወይ ኪኒን እየዋጡ፣ መርፌ እየተወጉ፣
ክብደት እየቀነሱ፣ ምርኩዝ እየፈለጉ
ይከርማሉ" አለኝ፤ "ወይ ደግሞ ራሱን
ሳንቆርጥ ብረት እናልብሰው አጥንቱን፤
ይህ ግን ለጎረምሳ፣ አጥንቱ ላልሳሳ።
ወይ ሙሉ ቅየራ፤ አሮጌው ይነሣ።"

"ባለ ሲሚንቶ ነው," አልኩት፣ "ያለ ሲሚንቶ?"
ደነገጠ ልጁ፤ ሳቀ ዓይኑ በርቶ።
አርባ ዓመት ሞተር ፈትቼ ገጥሜ
ስለ ራሴ ዕቃ አልጠይቅም ቆሜ?
"ለእርስዎስ ሲሚንቶው። ኳሷ ደግሞ ሸክላ፣
ጽዋው ፕላስቲክ ነው፤ አያስመኝም ሌላ፤
ሃያ ዓመት ይሄዳል።"
ሰባ አራቴ ነው።
ከእኔ የሚተርፍ ዕቃ ገዛሁ ማለት ነው።

ከወገቤ በታች አደንዝዘው በመርፌ
ጎኔ ላይ አስተኙኝ፤ ነቅቼ፣ ዐርፌ።
መዶሻውን ሰማሁ፤ ሕመም የለም፣ ድምፅ ነው፤
አባትህ የጀልባ ስንጥቅ ሲደፍን ያለው፦
ዷ፣ ዷ፣ ዷ።
ጠግነው ባሕር ሊያወርዱኝ ነው አልኩ። ነርሷ
"ምን ያሥቅሻል?" አለች፤ ሳቀች ራሷ።

በማግስቱ አቆመችኝ ኢንጋ የምትባል፤
ደግፋ ይዛኛለች፣ ክንዷ መልሕቅ ያስንቃል።
"ሽቅብ ስትወጪ ደኅናው እግር ይቅደም፣
ቁልቁል ስትወርጂ የታመመው ይቅደም።"
እንደ ጸሎት ደገምኩት። አልበቃትም ገና፦
እግር ማጠላለፍ የለም፤ ከዘጠና
ዲግሪ በላይ መታጠፍ የለም፤ "አንቺ፣ ትራስሽን
በጉልበትሽ መሐል፤ ስድስት ሳምንት እንዲህ ሁኚ።"

ቤት ስገባ ዕቃዎቹ ቀድመውኝ ደርሰዋል፦
ከፍ ያለ የመጸዳጃ ወንበር፣ እንደ ዙፋን፤
ከወለል የሚለቅም ረጅም መቆንጠጫ፤
ደግሞም አንድ ጎባጣ ፕላስቲክ፣ ሁለት ገመድ ያለው።
ካልሲ ማጥለቂያ ነው አሉኝ።
እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ አለ፣ አርቪድ!
መሬት ላይ ጣልኩትና አለቀስኩ።
በመቆንጠጫው መልሼ አነሣሁት።

ለብራትሊ ያልነገርኩት ይኸው፦
ስድስት ዓመት፣ ጧት ጧት፣ መብራት ሳናበራ፣
እኔ አልጋ ጫፍ፣ አንተ ወለሉ ላይ ተንበርክከህ፣
ካልሲዬን ስታጠልቅልኝ
አንድ ቀን "ለምን?" አላልከኝም፤
አንድ ቀን "አመመኝ" አላልኩህም።
አንተ ከሄድክ ወዲህ ሁለት ክረምት ሙሉ
ቡት ጫማዬን በባዶ እግሬ ነው ያደረግሁት።
መንደሩ ስነክስ አይቶ "ሐዘኑ ጎዳት" ይል ነበር።
ዳሌዬ ነው ብዬ አላረምኩም።
ሙሉ በሙሉም አልተሳሳቱም።

ዛሬ ሦስት ወሬ። ባለ ገመዱን ምስማር ላይ ሰቀልኩት።
ኢንጋ ፈቅዳለች፤ ቀስ፣ ቀስ አልኩ፣ ጎንበስ፤
ጣቴ ጣቴን ነካ።
ካልሲው ገባ። ተረከዙ ተጣሞ ነበር፣ አቃናሁት።
በመስኮቱ ዓሣ መስቀያው ባዶውን ቆሟል፣
ሰማዩ ጫፉ ላይ እንደ ሳልሞን ሥጋ ቀልቷል።
ደስ ይበለኝ? ይበለኝ።
ግን የቀረችህን ሥራ ቀማሁህ፤
እጅህ እዚህ ቤት ውስጥ ሌላ ምን ነበረው?

የግራው ዳሌ ከትናንት ጀምሮ ያጉረመርማል።
ተራውን አውቋል።
ይህን እንኳ ለሰው እናገራለሁ፤
ሰኞ እደውላለሁ።