የምስጋና ገጽ

ከስድስት ኪሎው በር ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ
ጥራዝ ስጠብቅ ቆምኩ፤ ጥቁር ልባስ፣ የወርቅ ጽሑፍ፣
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ሙጫው ገና አልደረቀም።
ጠራዡ በእጁ መዝኖ "ይከብዳል" አለ፤ አላነበበውም።

ርዕሱ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ተኩል ይፈጃል፤
ግዴታ ይዘረዝራል፣ ከጄኔቭ እስከ ባንጁል ይሄዳል።
እዚህ ሰፈር በሁለት ቃል ያልቃል፦
ደብዛው ጠፋ።

ከራስ መኮንን ድልድይ በታች፣ ገና ባልፈረሰው በኩል ወርጄ፣
መቅረጸ ድምፅ፣ የፈቃድ ቅጽ፣ ሁለት እስክሪብቶ ይዤ
ወይዘሮ አመለወርቅ ቤት ገባሁ።
የሰጡኝ ወንበር የእሱ ነበር፤ ኋላ ነው የነገሩኝ።

"በየትኛው መንግሥት ነው?" አልኳቸው፣ ቅጹን ጉልበቴ ላይ አስተካክዬ።
"በሐምሌ ነው" አሉኝ። "ይዘንብ ነበር። ጃንጥላ ያዝ ብዬ
በሩ ላይ ቆሜ ስጣራ ነው የወሰዱት።"
ቅጹ ላይ ለሐምሌ ቦታ አልነበረም።
ለጃንጥላም።

"ስሙስ?"
"ስንሻው።" ዝም አሉ። ከዚያ ሳቅ ብለው፣
"አባቱ ነው ያወጣለት፤ ልጅ አጥተን ስድስት ዓመት ስንሻው፣ ስንሻው
ከርመን መጣ። ይኸው ሄደና ስሙን ደገመው፤
ያኔም ስንሻው፣ ዛሬም ስንሻው።
ልጄ፣ ስሙን ጻፊው።"

ዶክተር መርዕድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው
በቀይ ሰረዙት። ክፋት የለባቸውም፤ ደንቡ ነው።
"ምስጢር እጠብቃለሁ ብለሻል፣ ፈርመሻል፤
ሴትዮዋን አስቢ። ስም ያስገድላል።"
እውነታቸውን ነው።
በስንሻው ቦታ ገባ፦ "የመረጃ ሰጪ ሰባት ልጅ"።
ሌሎቹ ከበር ወሰዱት፤
እኔ ከገጽ።

ያን ሌሊት ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ተቀምጬ፣
ቻርተሩን፣ ቃል ኪዳኑን፣ የኮሚቴውን ውሳኔ ገልጬ
አንዱ አንቀጽ ላይ ጣቴ ቆመ፤ በሕግ ፊት እንደ ሰው ስለ መታወቅ።
እሺ፣ በምን ይታወቅ? በቁጥር?
ጥበቃው ቁልፉን አንቃጨለ። "እህቴ፣ ሰዓት።"
ከአንበሳ ግቢ አንዱ አገሣ፤ መንገዱን ስሻገርም አላቆመም።

ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዲት ገጽ ብቻ የኔ ናት፤
የግርጌ ማስታወሻ የማትጠይቅ፣ ፈታኝ የማያርማት።
ምስጋና። በአማርኛ ጻፍኳት፤ ለእናቴ፣ ለዶክተር መርዕድ፣
ሻይ በዱቤ ለሰጠችኝ ለፋንትሽ፣
ለመብራት ኃይልም፣ ስላላጠፋባቸው ጥቂት ሌሊቶች።
ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ሰምና ወርቅ ከፈተና በፊት የሸመደድኩት ነው።
ግን የመጨረሻዋን መስመር እንዲህ አልኳት፦
"እውነቱን ስንሻው በራቸውን ለከፈቱልን ሁሉ።"

ዶክተር መርዕድ አነበቡ። "ስንሻ ቢባል ይበቃል" አሉ፣
"ይህቺ 'ው' ትርፍ ናት።"
"ትርፏ ትቆይልኝ" አልኩ።
ቀና ብለው አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ።
ፈረሙ።

ጠራዡ ጨረሰ። አንዱን ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱን ለመደርደሪያ፤
ሦስተኛውን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። ማካፋት ጀምሯል።
ወይዘሮ አመለወርቅ ከጎረቤት መነጽር አስመጡ።
እንግሊዝኛውን ምስር እንደሚለቅም ሰው በጣታቸው ገፉት፣
ገጽ በገጽ፣ ሳይቸኩሉ፣
እስከ አማርኛው።
እዚያ ጣታቸው ቆመ። እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ጮክ ብለው፦
ስ። ን። ሻ። ው።

መነጽሩን አወለቁ፣ ጥራዙን ዘጉ፣
ከበሩ ጀርባ ጃንጥላውን አነሱ፤
አንድ ሽቦው የተሰበረ፣ አቧራ የለበሰ።
"ይዘሽው ሂጂ" አሉኝ። "ይዘንባል።"